ጎረቤት የማያስቆርጠው ባህር ዛፍ

አያ ደምሴ በሕይወት አሉ! እዚሁ መርሳ፣ መናኸሪያው በር ላይ፣ በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ቆመ፤ መጀመሪያ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ረጅም ነገር በመስኮት ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ረዳቱ «ኧረ ጋሼ፣ መጋዝዎ የሰው አንገት ሊቆርጥ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ እሳቸው ወረዱ። ጦርነቱ ዞሮ ሲመጣ የአገራቸው የውርጌሳ ሰው በየአቅጣጫው ከተበተነ ወዲህ ወዴት እንደገቡ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግማሹ ሞቱ ይላል፣ ግማሹ ቆላ ወርደው ከሰል ያከስላሉ ይላል። እናቴ ሰግዳ ስትጨርስ ስማቸውን ጠርታ ዱዓ ሳታደርግላቸው አትነሳም ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝና፣ ከረጢቱን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ፣ «አንቺ፣ የዘሀራ ልጅ አይደለሽም? ጎረቤቶቿ ሊገድሉኝ የነበሩት?» አሉኝ። ሳቄና እንባዬ ተያይዘው መጡ። እስከ ቤት ድረስ «አያ ደምሴ መጡ! አያ ደምሴ መጡ!» እያልኩ ሮጥኩ፤ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ማን መጣ እያሉ ዞረው አዩኝ።

ከረጢታቸው የባህር ዛፍ ሙጫ ይሸታል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ከገባ ጀምሮ የማየው ያንን ዘመን ነው። ዘመን ማለቴ አያስቃችሁ። አስራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ትዝታ የሽማግሌ ነው የምትሉ ካላችሁ እውነታችሁን ነው፤ ግን ያኔ እዚህ የነበረ ልጅ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ሽማግሌ ነው። በዚያ ላይ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ሁለት ጽሑፎቼን ካነበበልኝ ወዲህ እጄን የሚያቆመው አልተገኘም፤ ስለዚህ ታገሱኝ። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ነበርኩ ማለት፣ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ባጃጆቹ ቤንዚን አጥተው በየማንጎው ጥላ ሥር ተገትረው ዶሮ ያድርባቸዋል። ጨው በቡና ስኒ እየተሰፈረ ይሸጥ ነበር፤ ዋጋውን ብነግራችሁ የዛሬው ጨው በነጻ የሚታደል ይመስላችኋል። የሬዲዮ ባትሪ ሲያልቅ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ትንሽ ይንጫጫና መልሶ ይሞታል። እኔ ከማን እንደወረስኩት የማላውቀው ኮንጎ ጫማ ነበረኝ፤ በተበጠሰ ቁጥር እናቴ ቢላ አግላ ታጣብቀዋለች፤ ከብዛቱ የተነሳ ከላስቲኩ ጠባሳው ይበልጥ ነበር። ከወንዝ ውኃ ቀድተን ስንመለስ ሴቶቹ ከፊት ከፊት ሆነው ያንጎራጉራሉ። ጮክ ብሎ መዝፈን ያሳፍራል፣ ጨርሶ ዝም ማለት ደግሞ ያስፈራል፤ ስለዚህ አፍ ሳይከፈት፣ በአፍንጫ፣ ትዝታ ይዜማል። ወንዶቹ ሽርጣቸውን ሰብስበው ከተዘጋው ፎቶ ቤት ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ወሬ ይጠብቃሉ። ያ ፎቶ ቤት ዛሬ ሞባይል ይሸጥበታል፤ እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር የማየው ደረጃውን ነው።

ዛፉ ከጓሮ ክፍላችን ጀርባ፣ ከማሳችን ዳር ነበር። አባቴ ከእኔ መወለድ በፊት የተከለው ባህር ዛፍ ነው፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፤ ከወልድያ ስንመለስ ገና ከመኪና ሳንወርድ «ያውላችሁ ቤታችን» የምንልበት። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ እሱ ከወዲያ ማዶ ቀረ፤ እናቴና እኔ ከዛፉ ጋር ከወዲህ ቀረን። ከሩቅ የሚያጉረመርም ነገር መሰማት ሲጀምር ሰው ሁሉ በየግቢው መደበቂያ ጉድጓድ መቆፈር ያዘ። እናቴ ብቻዋን ዶማ ስታነሳ ጎረቤት እንዴት ያያል? አላየም! በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አካፋውን ይዞ ግልብጥ ብሎ መጣ። ቦታውን የመረጡትም እነሱ ናቸው፤ የዛፉ እግር ሥር ነው ያሉት፣ «ግንዱ ይከልላችኋል» ብለው። የሰው ጭን የሚያክል ሥር ሲያጋጥማቸው በምሳር እየቆረጡ፣ አንዱ በተቆረጠ ቁጥር «ሆ!» እያሉ፣ በአንድ ጠዋት ጨረሱት። እናቴ ንፍሮ አበላቻቸው፤ መርቀዋት ሄዱ። እኛ ጉድጓዱ ውስጥ የገባነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ የነሐሴ ዝናብ ሞላውና እንቁራሪት ገባበት። ከማሳው በኩል ሥሩ የተቆረጠበት ዛፍ ደግሞ ቀስ በቀስ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው፣ ወደ ጓሮ ክፍሉ ማዘንበል ጀመረ።

ጓሮ ክፍሉ ባዶ ቢሆን ማን ግድ ነበረው! አክስቴ ሀዋ ግን ከቆቦ በእግሯ፣ ሆዷን ደግፋ መጥታ ነበር። ከመጣች ብዙም ሳትቆይ እዚያው ክፍል ውስጥ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሌላው ክፍላችን ሀዋን ተከትለው በመጡ ዘመዶች ሞልቷል፤ የጎረቤቶቻችን ቤትም እንደዚያው በስደተኛ ሞልቷል። ስለዚህ አራሷና ሕፃኑ የሚተኙት ልክ ዛፉ በሚያዘነብልበት ቆርቆሮ ሥር ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ይቧጥጠዋል፤ እናቴ ሥራዋን ጥላ ታንጋጥጣለች፤ ሀዋ ደግሞ ልጇን እያባበለች ታሾፋለች፤

«እሹሩሩ ልጄ፣ ዛፉ ያወዛውዝህ፣
አባትህ እስኪመጣ ቆርቆሮው ያናግርህ።»

«ሀዋ፣ በአላህ አታሹፊ!» ትላለች እናቴ። «ምን ላድርግ ታዲያ፣ ላልቅስለት? ቢያለቅሱለት የሚቆም ዛፍ ነው?»

እንውሰዳት፣ ሌላ ቤት ጥግ ፈልገን እናስተኛት ስንል የተነሱብን እማማ ዘርፌ ናቸው። እማማ ዘርፌ ከመንገዱ ማዶ ያሉ፣ ሰፈሩን ሁሉ ያዋለዱ፣ ከማርያም ማኅበር ሳይቀሩ ከኛም ዱዓ የማይቀሩ ሴትዮ ናቸው። ሀዋንም ያዋለዷት እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «አራስ ከደጅ ወጥታ ነፋስ ልትመታ? በኔ እጅ የተወለደ ልጅ ምች ይግባው? እኔ ቆሜ አይሆንም!» እናቴ «ዛፉ ቢወድቅስ እማማ?» ስትላቸው «ዛፉን አስቆርጪ እንጂ አራሷን ምን አስነሳሽ!» አሉ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ምክንያቱም ዛፉን የማያስቆርጡንም ራሳቸው እማማ ዘርፌ ነበሩ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እናቴ ውርጌሳ ድረስ በእግሯ ሄዳ አያ ደምሴን አመጣች። የመብራት ምሰሶ የሚሆን ባህር ዛፍ በመጣል የታወቁ ሰው ናቸው፤ ራሳቸውም ያንን አይደብቁም። ጉድጓዱን አዩ፣ የተቆረጠውን ሥር በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉና «ይኼን የቆፈረው ጠላትሽ ነው?» አሉ። «ጎረቤቶቼ ናቸው» አለች እናቴ። «እሱ ይብሳል!» አሉና ዛፉን ዞሩት። እናቴ ወዴት እንደሚወድቅ ስትጠይቃቸው «እኔ ወዳልኩት» ብለው መለሱ። ከዚያ አስረዱን። መጀመሪያ ወደ ቤቱ ያዘነበለውን ቅርንጫፍ ከላይ ያራግፉለታል፣ እንዲቀል። ቀጥሎ ከፍ ብለው ገመድ ያስራሉ፤ ገመዱ ከዛፉ ቁመት መብለጥ አለበት፤ ካልበለጠ ጎታቹ ዛፉን ወደ ራሱ አናት ነው የሚጠራው። ከዚያ በማሳው በኩል ግንዱን በምሳር አፍ ይከፍቱለታል፤ በጀርባው መጋዝ ይገባል። «ግን ጨርሼ አልቆርጠውም። መሃል ላይ ሁለት ሦስት ጣት እተዋለሁ። እሷ የበር ማጠፊያ ማለት ናት። ማጠፊያ ያለው በር መሄጃውን ያውቃል፤ ማጠፊያ የሌለው በር ሰው ላይ ይወድቃል።» የመብራቱን ሽቦ ደግሞ ቀና ብለው አይተው «እስክጨርስ መብራት ባይመጣ ደስ ይለኛል» አሉ። ይህን የሰሙት እማማ ዘርፌ «ምላስህ ይቆረጥ!» ብለው ከአጥር ማዶ ጮኹባቸው።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። አያ ደምሴ በጠፍር ተደግፈው ላይ ወጥተዋል፤ የአባቴን የጭነት ገመድ ጫፉን አስረው የቀረውን ወደ ማሳው ጥለውታል። እኔና እናቴ ከታች የወደቀውን ቅርንጫፍ እንጎትታለን። በሩ ሲንኳኳ ሰማን፤ ሲንኳኳ ማለቴ ሲገፋ። ሰፈሩ ገባ። «ዘሀራ ብቻዋን!» «ኧረ ነውር ነው!» «በሉ ያዙ!» ማሳ ውስጥ የተጋደመ ገመድ ያየ የመርሳ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ማን ጠራችሁ የሚል የለም፣ ምን ልሥራ የሚል የለም። ሽርጡን የታጠቀው ከፊት፣ ነጠላዋን የታጠቀችው ከኋላ፣ እማማ ዘርፌ ከገመዱ ጫፍ፣ በሙሉ ጉልበት «ሆ በል!» አሉና ሳቡ። አያ ደምሴ ዛፉ ላይ ናቸው! አፍ አልተከፈተለት፣ መጋዝ አልነካው። ዛፉ ወደ ማሳው ትንሽ ጎበጠ፤ ከዚያ አንድ አፍታ ሰዎቹ እጃቸውን ሲቀይሩ ገመዱ ላላና ወደ ቤቱ ተመልሶ ተወረወረ። ከላይ «ኧረ በአላህ! ኧረ በማርያም! ኧረ በሁሉም!» የሚል ጩኸት ይመጣል። ከጉድጓዱ በኩል አንድ ነገር ቋ ብሎ ተሰነጠቀ፤ የጉድጓዱ ዳር ተናደ፤ ዛፉ ከበፊቱ በባሰ አዘንብሎ አንድ ክንዱን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ። ውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ። ሰዎቹ ግን ገመዱን እንደያዙ ቀና ብለው «ረዳንህ አይደል?» ይላሉ።

አያ ደምሴ ወረዱ። «እናንተ የጎተታችሁት ዛፉን አይደለም፤ እኔን ነው» አሉ። ግራ እግራቸውን አሳዩ። «ይቺን የሰበሩልኝም እንደናንተ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ክፉ ሰው ቆሞ ያያል፤ ደግ ሰው ነው የሚገድለኝ!» መጋዛቸውን ከረጢት ውስጥ ከተው ወደ ውርጌሳ ሄዱ። ሰዉ ተከፋ። «ትዕቢተኛ ነው እባክሽ፣ ሌላ እናመጣልሻለን» ይሏታል እናቴን፤ ሌላ የት አለና!

እናቴ ስትናደድ ልብስ ታጥባለች። ያን ቀን ንጹሑን ልብስ አጠበችው፤ የታጠበውን ደግማ አጠበችው። በነጋታው እንደገና ውርጌሳ ሄደች። ያኔ መንገድ መሄድ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የት ትሄጃለሽ የሚል በየአቅጣጫው ነበር። አያ ደምሴ የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ግቢው ባዶ ይሁን፤ አንድ የማያስፈልግ ሰው ካዩ ይመለሳሉ። እናም ተደብቀን ልናስቆርጥ ተነሳን። አስቡት፣ የገዛ ዛፋችንን እንደ ሌባ! ገና ፈጅር ተሰግዶ ሳያልቅ መጡ፤ በሩን ዘጋን፤ ከኋላውም በርሜል አስደገፍን። አያ ደምሴ ምሳራቸውን አነሱ። ጧ! አንዴ። ጧ! ሁለቴ። ሦስተኛው አልተሰማም፤ ምክንያቱም ከአጥሩ ውጭ «የምሳር ድምፅ ነው! ዘሀራ ቤት ነው!» የሚል ተሰማ። በርሜሉ ተንከባለለ። ሰዉ አሁን ምሳር በምሳር ሆኖ መጥቷል፤ እማማ ዘርፌ ሁለት እግራቸው ላይ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርገዋል። «ዘሀራ፣ ምን አደረግንሽ?» አሉ፤ የእውነት እንባ አላቸው። «ሳትነግሪን? እንደ ባዕድ ቆጠርሽን?» አያ ደምሴ ግን መጋዛቸውን እየጠቀለሉ ነበር።

ያን ቀን እናቴ ልብስ አላጠበችም። ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብላ ቆርቆሮውን ታያለች። «ክፉ ጎረቤት ቢሆን እኮ እከሰው ነበር፤ ደግ ጎረቤትን ለማን ይከሱታል?» አለች። ሀዋ ከውስጥ «ለቅሬው» አለቻት። ስትቀልድ መስሎን ነበር።

ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚያስቀብር፣ ሰርግ ሲሆን የሚደግስ ቅሬው ነው፤ በተጠራበት ቀን የቀረን ሰው ይቀጣል። ዳኛው ሼህ ይማም ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጢማቸውን ሦስቴ የሚያሹ። እናቴ ጉፍታዋን አስተካክላ ከሸንጎው ፊት ቆመች። «ከስሻለሁ የምትይው ማንን ነው ልጄ?» አሏት። «ሁላችሁንም» አለች። «ምን አድርገን?» «ረድታችሁኝ።»

ሳቁ ማንጎው ላይ ያሉትን ወፎች አስነሳ። እናቴ ግን አልሳቀችም። አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ዛፉ አሁን በአንድ ጎን ሥር ብቻ እንደቆመ፣ አንድ ጠንካራ ነፋስ ከመጣ አራሷና ልጁ እንደሚያልቁ፣ ቆራጩ ሰው ካለበት ግቢ እንደማይገባ። አንድ ሽማግሌ ተነሱ፤ «ታዲያ ጎረቤታችን ላይ ዛፍ ሲወድቅ እጃችንን አጣጥፈን እንይ? ነገ ልጆቻችን ምን ይሉናል?» «ይበሉን!» አለች እናቴ። ሼህ ይማም ጢማቸውን አሹ። «ቅሬ ያልመጣን ይቀጣል፤ ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲያ ነው። ለዚህ አንድ ቀን ግን የመጣ ይቀጣ። የዘሀራን አጥር ያለፈ ለአራሷ ሁለት ጀሪካን ውኃ ከወንዝ ያመጣል።»

ከሸንጎው ሳንበተን እማማ ዘርፌ ጠፉ። ቤት ስንደርስ ላባቸውን እየጠረጉ ደጃችን ላይ ቆመዋል፤ አጠገባቸው ሁለት ጀሪካን ውኃ። «ቅጣቴን አስቀድሜ ከፍያለሁ» አሉ። «እንግዲህ የማልመጣበት ምክንያት የለም።» እናቴ ጀሪካኑን አየችው፣ እሳቸውን አየቻቸው፣ ሄዳ ግድግዳውን በግንባሯ ተደገፈችው። ጀሪካኖቹን ራሷ ተሸክማ፣ እማማ ዘርፌን አስከትላ፣ ሰዉ ገና ተበትኖ ወዳላለቀበት ሸንጎ ተመልሳ ሼህ ይማም ፊት አስቀመጠቻቸው። ሼሁ ያኔ ነው የተቆጡት። «እንግዲያው ስሙኝ! የዛፉ ለት አጥሩን ያለፈ ሰው፣ ወደፊት እዚያ ቤት ሐዘን ቢሆን ለቅሶ አይደርስም፣ ሰርግ ቢሆን አይደግስም። ጨርሻለሁ።» ማንም አልሳቀም። እማማ ዘርፌ ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። ቤታችን ለቅሶ እንዳይደርሱ! ከዚያ የባሰ ምን አለ?

ቀኑ ደረሰ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ዘመዶቻችንም ጭምር፣ ከመንገዱ ማዶ፣ እማማ ዘርፌ አጥር ጥግ፣ ተደርድሮ ቆመ። አሁን የቀረችው ሀዋ ናት፤ እማማ ዘርፌ እዚያም ላይ ሊያቅማሙ ነበር፤ ተሸክመን እንውሰዳት ቢባል ያለው የሬሳ ቃሬዛ ብቻ ነው፤ አራስ በሕይወቷ በቃሬዛ አትወጣም አሉ። ሀዋ ሰምታ ተነሳች። ራሷን ተከናነበች፣ እንደ ደንቡ ቢላዋ በአንድ እጇ ያዘች፣ ልጇን በሌላው አቀፈች። «ከቆቦ እዚህ ድረስ በእግሬ መጥቻለሁ፤ አስፋልት መሻገር ያቅተኛል?» አለችና ወጣች። እማማ ዘርፌ ጋቢ ይዘው ከአስፋልቱ መሃል ተቀበሏት፤ ነፋስ እንዳይነካት ዙሪያዋን እየዞሩ እንደ ድንኳን ሸፈኗት።

ግቢው ውስጥ ሁለት ሰው ቀረ። አያ ደምሴ ከዛፉ እግር፤ እናቴ ከማሳው ዳር፣ ከትልቁ ማንጎ ጀርባ። ገመዱ ማንጎው ላይ ከታሰረ የሰንሰለት ማንሻ ጋር ተያይዟል፤ ከተዘጋው ጋራዥ የተዋስነው፣ የመኪና ሞተር የሚያነሱበት። ሳቢ ሲሏት ትስባለች፣ ተይ ሲሏት ትተዋለች፣ ሌላ ምንም። እኔን አስወጥተውኛል። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ በአጥሩ ክፍተት አያለሁ። አፉ ተከፈተ፤ ነጩ እንጨት ታየ። መጋዙ ከኋላ ገባ፤ ድምፁ እስካሁን ጥርሴ ውስጥ አለ። ከዚያ ነፋስ ተነሳ።

«ሳቢ!» «ሳብኩ!» «ጨምሪ!» «አልሄድ አለኝ!» የእናቴ ድምፅ ነው። ዛፉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ወደ ማሳውም ወደ ቤቱም አይሄድም፤ ጫፉ ብቻ ይዞራል። ሰዉ ጠቅላላ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ሽርጡን የታጠቀ አለ፣ «አላህ ይየን እንጂ» ያለ አለ። እኔ ቅሬም፣ ቅጣትም ትዝ አላለኝም። እናቴ ብቻዋን ናት። ሮጥኩ። ቀሚሴ ከኋላ ተይዞ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ እማማ ዘርፌ ናቸው። በአንድ እጃቸው እኔን ይዘዋል፣ ሌላውን በሰዉ ፊት ዘርግተዋል። «አንድ ሰው አይነቃነቅ! ማርያምን፣ አንድ ሰው!» አሉ። «እማማ፣ ልቀቁኝ፣ እናቴ...» «እናትሽን ከወደድሽ ቁሚ!» እጃቸው ቀሚሴን ከመጨበጡ ብዛት ጣቶቻቸው ነጭ ሆነው ነበር። ማገዝ የለመደ እጅ ምን ያህል እንደሚከብደው ያን ለት አየሁ።

አያ ደምሴ አልቸኮሉም። ከኪሳቸው ሽብልቅ አወጡ፤ መጋዙ በከፈተው ውስጥ አስገብተው በመዶሻ መታ መታ አደረጉ። ቶክ። ቶክ። ቶክ። ከዚያ እንደ ትልቅ በር ማጠፊያ አንድ ነገር ሲጮህ ሰማን፤ እሳቸው ቀድመው ወደመረጡት ጥግ እያነከሱ ገለል አሉ፤ ዛፉ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ቶሎ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ፣ ማሳው ላይ ተጋደመ። አስፋልቱ እግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። የጓሮ ክፍሉ ቆርቆሮ እንዳለ ቆሟል። ማንም አልተነቃነቀም። አቧራው ውስጥ አያ ደምሴ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ። «ምን ትጠብቃላችሁ? አሁን ነው ሰው የምፈልገው፣ ኑ እንጂ!» አሉ። ያን ጊዜ የሆነውን አልገልጸውም። እማማ ዘርፌ ቀሚሴን መልቀቅ ረስተው እኔን እንደያዙ ነበር የሮጡት። እናቴ ከማንጎው ጀርባ ቁጭ ብላ ሰንሰለቱን አቅፋ ትስቃለች፤ ጠጋ ስል ሳቅ እንዳልሆነ አየሁ። ለምሳ ሰዓት ዛፉ ማገዶ፣ ማገር፣ ወራጅ ሆኖ አልቋል፤ ጉድጓዱም ተደፍኗል፤ ሀዋም ክፍሏ ገብታ ልጇን አስተኝታለች።

ዛሬ ባጃጆቹ ይሮጣሉ፣ ጨው በኪሎ ይሸጣል፣ ሀዋ ቆቦ ገብታለች፣ ልጇም ዛፍ ላይ የሚወጣ ሆኗል። አያ ደምሴ ትናንት ከሚኒባሱ የወረዱት ግን ለጥየቃ ብቻ አይደለም። እማማ ዘርፌ ግቢ ያለው ባህር ዛፍ አምና በጎርፍ ሥሩ ተበልቶ ወደ ቤታቸው አዘንብሏል፤ እሁድ ይጣላል። ቅሬው ያንኑ ፍርድ ደግሟል፤ የመጣ ይቀጣል። እማማ ዘርፌ ዛሬ ጠዋት እቤታችን መጥተው «የገዛ ግቢዬ ነው፣ ማንም አያስወጣኝም፤ ከገመዱ ጫፍ እኔ ነኝ የምይዘው» ብለው ምለው ሄዱ። እናቴ «ያኔ እንደያዙሽ አንቺ ያዣቸው» ብላኛለች። እኔ ግን ጉልበታቸውን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከወልድያም ሆናችሁ ከግራና ከተማ፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እሁድ ጠዋት መርሳ ኑልኝ። ምሳር አታምጡ፣ ገመድ አታምጡ፣ አጥሩን አትለፉ። ከአስፋልቱ ማዶ ከኔ ጋር ቆማችሁ እማማ ዘርፌን አብራችሁኝ ያዙልኝ፤ ብቻዬን አልችላቸውም።